አርባ የተባሉት በጎች

ደባርቅ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዛሬ ጠዋት ቆጠራ፦ ጨው አሥራ አንድ ኩንታል፣ ፉርሽካ ስድስት፣ የትል መድኃኒት አንድ ካርቶን ተኩል። የበግ ፈንጣጣ ክትባት ምንም።

ለወንድሜ ለያየህ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ያስቸግራታል። ጥምቀትን በሰላም አሳለፍን። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅህን ስላልሰማን ይህን ደብዳቤ በአውቶቡስ ሾፌሩ በአለነ እጅ ልኬዋለሁ። ጎንደር ሲደርስ ወደ አንተ ለሚመጣው ሾፌር ያስረክብልኛል።

ደብዳቤዬ በቆጠራ መጀመሩ እንዳሳቀህ ባለፈው ጽፈህልኝ ነበር። ሱቅ ስከፍት የቀን ማስታወሻዬን በዚያ ስለምጀምር እጄ ለምዶ ነው። ተወኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ አልለውጠውም።

ለምን እንደምቸኩል ላስረዳህ። ከገና ወዲህ ከድብ ባሕር ገበያ በመጡ በጎች ፈንጣጣ ወደ ደጋው ወጥቷል። በአስታ ሜዳ፣ በተወለድንበት መንደር፣ ካንድ ጉረኖ ገብቷል። ሌሎቹ ገና ናቸው። የቅበላ ገበያ ሲደርስ ግን የአገሩ በግ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይደባለቃል። ክትባቱ ከዚያ ቀድሞ ካልደረሰ አስታ ሜዳ በግ የሚባል አይቀርም። ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ መትቶታል። ሰዉ ክረምቱን የሚያልፈው በበጉ ነው።

አንተ የምትሠራበት የእንስሳት መድኃኒት አከፋፋይ ጎንደር ላይ ቅርንጫፍ ስላለው ትዕዛዜን በወረቀት ጽፌ ልኬ ነበር። «የበጎች ብዛት» የሚለውን ባዶ ተውኩት። አስታ ሜዳ የራሱን በግ ቆጥሮ የሚናገር ሰው እንደሌለ ታውቃለህ፤ የቆጠረው ያልቅበታል ይላሉ። ከታች ግን «ለመንደሩ አሥራ ሁለት ብልቃጥ ይበቃል» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ አንድ ብልቃጥ ነው። እሱ ለመቶ በግ ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ አያድርም። ለማን ከፍቼ ለማን ልከልክል? የእንስሳት ሐኪሙ ለዳባት ወሰደው። እንደገና ጻፍኩ፤ ሁለተኛው ትዕዛዝ መልስ የለውም።

አንተ ከመጋዘኑ ቅርብ ነህ። የት ላይ እንደቆመ እይልኝ።

እህትህ ደብሪቱ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ደብሪቱ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽ ትናንት ማታ ደረሰኝ፤ ሲነጋ ቢሮ ገብቼ መፈለግ ጀመርኩ። ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

በስልክ ሁልጊዜ «እዚያ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ» ለምትይኝ፣ አትሳቂብኝና ልንገርሽ። የጎንደሩ ቅርንጫፍ ኮምፒውተር ለእኛ መጋዘን ኮምፒውተር ትዕዛዝ ሲልክ፣ በቅሎ ላይ ጭነት እንደመጫን ነው። ለማን እንደሚሄድ አድራሻ አለው፤ ከዚያ ደግሞ ጭነቱ ራሱ አለ። ጭነቱን እኛ የጥያቄው አካል እንለዋለን። እኔ የምጽፈው የዚያን አካል መግለጫ ነው፦ ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ የትኛው ግዴታ እንደሆነ፣ የትኛው ቢቀር እንደማይጎዳ፣ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ። የቅርንጫፎቹን ፕሮግራም የሚሠሩት ሰዎችም ሠራተኞቹም የሚመሩት በዚያ ሰነድ ነው።

አሁን የደረስኩበትን ልንገርሽ። ትዕዛዝሽ ጠፍቶ አይደለም፤ ደርሷል። ግን አሥራ ሁለት ብልቃጥ የሚል ነገር የለበትም። ሲስተሙ ብልቃጥን የሚያሰላው ከበጎች ብዛት ነው፤ ብዛቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ አርባ ነው። ለአርባ በግ አንድ ብልቃጥ ይበቃል ብሎ አንድ ላከ። ሁለተኛው ትዕዛዝሽ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የተደገመ ብሎ ሰርዞታል።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቅርንጫፍ የመጡትን ሁሉ አየኋቸው። የዳባቱም አርባ፣ የአዲ አርቃዩም አርባ፣ የደረስጌውም አርባ። ኃላፊዬ ወይዘሮ ሠርካለም «ይኼ ቅርንጫፍ ይቀልድብናል? እስኪጣራ ምንም አይላክለት» አለች። ክትባቱ ከሌላም ቦታ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ቆሞ አይጠብቀንም። ጎንደር ወርደሽ ያንን አርባ ማን እንደሚጽፈው ጠይቂልኝ።

አጎታችን ደርቤ ለእማዬ የገዛላትን አውራ በግ ከየት ገበያ ነው ያመጣው? ያን ሰሞን በስልክ ሲነግረኝ አልጠየቅሁትም። ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ያየህ

*

ደባርቅ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋት ቆጠራ፦ ጨው ዘጠኝ ኩንታል፤ ሁለቱ ትናንት ወደ ላይ ወጥቷል። ፉርሽካ አልተነካም። ክትባት የለም። ማቀዝቀዣው መብራት ስለሌለ ባዶውን ተከፍቶ ተቀምጧል።

ለያየህ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጎንደር ደርሼ ተመልሻለሁ። መንገዱ ክፉ አልነበረም፤ ዳባት ላይ ብቻ ብዙ አስቆሙን። ምን በልቼ እንደዋልኩ ሳትጠይቀኝ አትቀርም፤ በልቻለሁ።

የቅርንጫፉ ሠራተኛ ጥበብ የሚባል ልጅ ነው፤ የዋህ፣ ሥራውን የሚወድ። ወረቀቴን ከፋይሉ አውጥቶ አሳየኝ፤ አሥራ ሁለቱ ብልቃጥ እንደተጻፈ አለ።

«ታዲያ ይኼን ለምን አልላክኸውም?» አልኩት።

«የብልቃጥ ቦታ የለውማ፣ እትዬ። የሚጠይቀኝ የበግ ብዛት ነው።»

«ብዛቱን እኮ ባዶ ነው የተውኩት።»

«ባዶ ከሆነ አልልክም ይለኛል። ቀይ ያበራብኛል። ሁላችሁም ባዶ ነው የምትልኩት፤ ከደጋ የሚመጣ ወረቀት ቁጥር ኖሮበት አያውቅም። ታዲያ መመሪያውን አየሁ።»

«መመሪያው ምን አለህ?»

«አርባ አለኛ።» ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። «ይኸው፣ 'የበጎች ብዛት፣ ቁጥር፣ ግዴታ፣ አርባ።' እኔ ከራሴ አልጨመርኩ።»

ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። ከአዲስ አበባ የመጣ ጽሑፍ አርባ ካለ አርባ ይጽፋል። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንዲያው ነበር። ያንን ሰነድ ማን እንደጻፈው አንተ ሳታውቅ አትቀርም።

ስለዚህ መፍትሔውን ልንገርህ። ብዛት የሚለውን አውጣና ብልቃጥ የሚል አግባ። እኔ ለመንደሩ ጨው ስሸጥ ዓመታት አልፈዋል፤ ማን ስንት ብልቃጥ እንደሚፈልግ በግምት አላጣውም። ቀኑ እየሄደ ነው። አሁን አሁን ከአስታ ሜዳ የወረደ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ነው፤ ሰላምታ ከመስጠቴ በፊት።

ስለ አውራው በግ የጠየቅከኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ደብሪቱ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታ ከሁሉ ይቅደም። ተናደሽብኝ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ለማወቅ ሦስቴ አነበብኩት። አልተናደድሽም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስጨነቀኝ።

አዎ፣ አርባውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደ ምሳሌ ነበር። በኛ ሙያ ለእያንዳንዱ ቦታ ምሳሌ ይቀመጣል፤ አንባቢው እዚህ ላይ የሚገባው ስም ነው ወይስ ቁጥር ብሎ እንዳይደናገር። «ምሳሌ» የምትለው ቃል በሰነዱ ላይ አለች፤ ጥበብ ጋ ያለው ፕሮግራም ግን ቃሏን ሳያሳይ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያወጣው። ያንን ማየት ነበረብኝ። አርባን የመረጥኩት ለአፍ ስለሚቀል ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ብዛቱን አውጣው ያልሽኝን ግን እምቢ ማለቴ ነውና ይቅር በይኝ። ለወይዘሮ ሠርካለም ነገርኳት። «አምና በብልቃጥ ስንሸጥ ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ?» አለችኝ። አንድ ነጋዴ ያሻውን ያህል ብልቃጥ በአፉ ሙሉ ጠርቶ የሦስት ወረዳ ድርሻ ወሰደ፤ ግማሹ ሱቁ ውስጥ ተበላሸ፤ የትናንሾቹ መንደሮች በግ አለቀ። ብዛቱን ግዴታ ያደረግነው ለዚያ ነው። እህቴ ሐቀኛ ናት ብላት፣ «አካሉ ላይ ሐቀኛ የሚል ቦታ የለም» አለችኝ። እትዬ፣ እውነቷን ነው። አንቺን የሚያምን ሰነድ ብጽፍ፣ ያንኑ ሰነድ ይዞ የሚመጣውን ሌላውንም ያምናል።

ስለዚህ ቁጥር ያስፈልገኛል። እውነተኛ ቁጥር፣ ከየጉረኖው፣ ከባለቤቱ ስም ጋር። መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ሳጥን እያነሰ ነው። በየጠዋቱ እሄድና አየዋለሁ፤ የማከማቻው ሰዎች ምን እንደምፈልግ መጠየቅ ጀምረዋል።

እዚያው አስታ ሜዳ ያሉትን የእማዬን በጎች አላመማቸውም? በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ስለ ጉልበቷ ብቻ ጻፍሽልኝ። የጠየቅኩሽ ስለ ጉልበቷ አይደለም።

ያየህ

*

ደባርቅ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋት ቆጠራ፦ ሱቁን ዘግቼ ስለሰነበትኩ አልቆጠርኩም። ከአስታ ሜዳ ትናንት ወረድኩ።

ለያየህ፣

እንደምን ሰነበትክ? ኃላፊህን ሰላም በልልኝ። ንግድ ብትገባ ያዋጣት ነበር።

ቁጥሩን እንዴት እንዳገኘሁ ስለምትጠይቀኝ ከወዲሁ ልጻፈው። መጀመሪያ እንግዳው ቤት ገባሁ።

«እንግዳው፣ በጎችህ ስንት ናቸው?»

«እግዜር የሰጠኝን ያህል ናቸው።»

«እኮ ስንት?»

«ምነው ደብሪቱ፣ ግብር መሰብሰብ ጀመርሽ እንዴ?»

«ለክትባት ነው። ቁጥር ካልሰጠኋቸው አይልኩልኝም።»

«እንግዲያው ጥቂት ናቸው በያቸው።»

«ባዶ ብተወው አርባ ተባልን።»

«አርባ መልካም ነው» አለኝ፤ ደስ አለው እንጂ አልከፋውም። በሱ ጉረኖ ግልገሉ ብቻ አርባ ይሞላል።

ወጥቼ አጥሩ ጥግ ቆምኩ። ሲያስበው የዋለ ሰው ይመስል ተከትሎኝ ወጣ። ያን ጊዜ ነው አሳቡ የመጣልኝ። «የእናናዬስ ስንት ናቸው?» አልኩት፣ ጎረቤቱን ማለቴ ነው።

«የሷማ! ሰማንያ ሁለት። ቆይ፣ ከትናንት ወዲያ አንዷ መንታ ወልዳለች። ሰማንያ አራት። ሁለቱ ጥቁር አፍ ናቸው። አንዷን ቀበሮ ነክሷት እግሯን ታነክሳለች።»

የራሱን መናገር ይፈራል እንጂ የጎረቤቱን በግ በየማታው ጉረኖ ሲገባ ያያል። የሌላ ሰው ነውና አፉን አያሳስረውም። እናናዬ ዘንድ ተሻገርኩ። «የኔን አትጠይቂኝ» ብላ በሩ ላይ ቆመች። «ያንቺን ማን ጠየቀ፤ የእንግዳውን ነው» አልኳት።

«የእንግዳውን? መቶ አሥራ ዘጠኝ» አለች ሳታመነታ። «ጥቂት ናቸው አለሽ፣ አይደል? ይኼ ሽንታም! እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ እንጂ።»

እንዲህ እያልኩ መንደሩን ዞርኩ። አንዳንዱ በቅናት እንዳይጨምር፣ አንዱን ጉረኖ ሁለት ጎረቤት ጠየቅኩ። ቁጥራቸው ተራርቆ ካገኘሁት ሦስተኛ ሰው ጠየቅኩ። ዝርዝሩ ከዚህ ጋር አለ። የኔ የአሥራ ሁለት ብልቃጥ ግምት ትክክል አልነበረም፤ አሥር ይበቃል። በጨው ገምቼ ነበር፤ ለካ ያን ያህል ጨው የሚገዙት ለከብትም ጭምር ነው። ብዛቱን ግዴታ ማድረጋችሁ ደግ ነው። ልመናዬን አንስቻለሁ።

ግን ሰነድህ ላይ አንድ ነገር ጨምርበት። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ትጠይቃለህ፤ ማን እንደቆጠረ ግን አትጠይቅም። ለኛ አገር ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም። ባለቤቱን ብቻ ከጠየቅክ ወይ ባዶ ይመጣልሃል ወይ ውሸት።

እማዬ ደህና ናት። በርታ፣ ፍጠን።

ደብሪቱ

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ደብሪቱ፣

በአጭሩ ልጽፍልሽ ነው፤ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ዝርዝርሽን ለወይዘሮ ሠርካለም ሳሳያት አንዴ አንብባ «ሰማንያ አራት፣ አንዷ የምታነክስ» የሚለው ላይ ሳቀች። ከዚያ ቅርንጫፉ ላይ የጣለችውን እገዳ አነሳች። መግለጫውን እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። አርባው ወጥቷል፤ በቦታው ሌላ ቁጥር አላስገባሁም። «በዕለቱ ጉረኖ ውስጥ ያሉት በጎች፣ ግልገል ጨምሮ፤ ካልታወቀ ሳይላክ ይጠየቅ» ይላል። ቆጣሪው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታም ገብቷል፤ ከባለቤቱ ስም የተለየ፣ ግዴታ። ቢሮ ውስጥ አንዱ ይኼ ለምን ይጠቅማል ቢለኝ፣ አስታ ሜዳ ሂድና እንግዳው የሚባል ሰው ጠይቅ አልኩት።

አሥር ብልቃጥ አላገኘሁም። ስምንት ነው የቀረው። ስምንቱንም በበረዶ ሳጥን አድርጌ በዚሁ አውቶቡስ ልኬዋለሁ፤ ጎንደር ላይ ጥበብ በረዶውን ይቀይረዋል፣ ለአለነም ያስረክበዋል። ሳጥኑን መንገድ ላይ ማንም እንዳይከፍተው። ፀሐይ እንዳያገኘው። ይህን ሁሉ እንደምታውቂ አውቃለሁ፤ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው።

በዝርዝሩ ላይ ስምንቱ እንዴት ይዳረሳሉ ብዬ ስደምር አደርኩ። ስደምር ደግሞ የእማዬን ስም ፈለግኩ፤ አላገኘሁትም። ከዚህ በላይ አልጠይቅሽም፤ መቼ እንደምትነግሪኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

ያየህ

*

ደባርቅ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋት ቆጠራ፦ ጨው ሰባት ኩንታል፣ ፉርሽካ አምስት፣ የትል መድኃኒት አልቋል። የክትባት ብልቃጥ ስምንት፣ ሁሉም ባዶ።

ለወንድሜ ለያየህ፣

ሳጥኑ በረዶው ሳይቀልጥ ደረሰ። አለነ ከጎንደር ደባርቅ ድረስ ከራሱ መቀመጫ ሥር አድርጎት መጣ፤ ኬላ ላይ ክፈት ሲሉት «የበግ መድኃኒት ነው፣ ከከፈትከው የአገሩን ሰው በግ አንተ ትከፍላለህ» ብሎ ተጣላልኝ። ትናንት ከሐኪሙ ጋር ወጣን። የተከፈተ ብልቃጥ ስለማያድር መንደሩ በጉን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ አወጣ፤ አንዱ ከሌላው እንዳይቀላቀል በየተራ።

ስምንቱ በቃ። ለምን እንደበቃ አሁን ልንገርህ።

ደርቤ አውራውን በግ የገዛው ከድብ ባሕር ነው። መጀመሪያ ፈንጣጣ የገባበት ጉረኖ የእማዬ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልህ መሞት ጀምረው ነበር። ከሷ ጉረኖ ወደ እናናዬ ተሻገረ፤ ዝርዝሩን ከላክሁልህ በኋላ ከእናናዬ ብዙ ሞተ፤ ከሌሎችም ሁለት ጉረኖ ተነካ። የታመመ መንጋ አይከተብም፤ ለነሱ የታሰበው ለጤነኞቹ ሆነ። ስምንቱ የደረሰው በዚህ ነው።

ያልነገርኩህ ተንኮል ኖሮኝ አይደለም። የእማዬን በጎች እያሰብክ በድንጋጤ ብትሠራ እንደዚያ አርባ ያለ ሌላ ስሕተት ትጽፍልኛለህ ብዬ ፈራሁ። ረጋ ብለህ እንድትሠራልኝ ፈለግኩ። ልክ ነበርኩ አልነበርኩም፣ ስትመጣ ትነግረኛለህ።

የእንግዳውን መንጋ ጨርሰን የመጨረሻው ብልቃጥ ውስጥ ትንሽ ቀረ። ሐኪሙ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና «የታመመ መንጋ ውስጥ ደህና ሆነው የቀሩ ካሉ ልሞክር፤ ይደፋ ከምለው» አለ። እማዬ ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማንም ውረጂ ሳይላት ነው የወረደችው።

«እማማ፣ ስንት ቀሩ?» አላት ሐኪሙ።

እኔ እናናዬን አየኋት። የእማዬን በጎች ሁልጊዜ የምታውቀው እሷ ናት። እናናዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። እንግዳውም ፊቱን አዞረ። ማንም ለእማዬ ሊቆጥርላት አልፈለገም።

እማዬ ብድግ አለች። «ሰባት» አለች፣ ሜዳው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። «ሰባት ነው ያልኩህ። ጻፈዋ!»

ጻፈው። ስለ እማዬ የጠየቅከኝ መልሱ ይኸው ነው። በቆጣሪ ቦታ ላይም የሷን ስም ጻፍኩ።

ሰባቱም ተከትበዋል። ይተርፋሉ አይተርፉም ሐኪሙ አላውቅም አለኝ፤ እኔም አላውቅም። ለሌሎቹም ክትባቱ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋልና በቅበላው ገበያ በጎቻቸውን እንዳያወጡ ተማምለናል። አንዱ ግን ቢቸግረው ሳያወጣ አይቀርም።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ የገበያ ቀን። ባዶውን የበረዶ ሳጥን ለአለነ መስጠት። ከዚያ በግ ተራ ወርጄ ከአስታ ሜዳ በግ ይዞ የመጣ ካለ ከነበጉ ወደ ላይ መመለስ።

እህትህ ደብሪቱ